ዘንዶ በእንግዳ መዝገብ

ዘንዶዋ በተወሰደችበት ቀን ቤታችን የነበርነው እነዚህ ነን፦ እኔ፣ ልጄ፣ የንስሐ አባታችን፣ አጥር የምንጋራት ጎረቤቴ፣ የቀበሌያችን መዝጋቢ፣ ከዱር እንስሳት ጥበቃ የመጡ አንድ ባለሙያና ሾፌሩ። ዘንዶዋ ከተቆጠረች ስምንት እንሆናለን።

እኔ የተማርሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ልጄ ግን የእንስሳት ሐኪም ናት፤ እዚሁ ደብረ ማርቆስ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ትሠራ ነበር። አንድ ቀን ከዓባይ በረሃ የወጣ የጭነት መኪና ሾፌር በማዳበሪያ ከረጢት ዘንዶ ይዞ መጣ። የመኪናው ሸራ ሥር ተጠቅልላ አግኝቷት ነው፤ ጀርባዋ በገመድ ተቆርጦ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን በድንጋይ ይጨርሳት ነበር፤ እሱ ግን ወደ ሐኪም አመጣት። ልጄ ሰፍታ መድኃኒት ቀብታ፣ ክሊኒኩ ማደሪያ ስለሌለው ወደ ቤት ይዛት ገባች።

«ለሳምንት ነው፤ ሲሻላት ወደ በረሃዋ እመልሳታለሁ» አለችኝ።

በሳምንቱ ወደ ዓባይ የሚወርደው መንገድ ተዘጋ። መንገዱ ሲከፈት ቁስሉ መልሶ አመረቀዘ። ቁስሉ ሲድን መንገዱ እንደገና ተዘጋ። እንዲህ እያለ አምስት ወር ሆነ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት ግን መንገዱ ክፍት ነበር። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች።

ዘንዶ የቆላ ፍጥረት ናት፤ የእኛን ብርድ አትችልም። ልጄ አሮጌውን የልብስ ሣጥን ፊት ለፊቱን በሽቦ ወንፊት መትታ፣ አምፖል አስገብታ፣ ጓዳ አስቀመጠችው። መብራት ሲጠፋ ውሃ የማሞቀው እኔ ነኝ። የዘይት ጀሪካን ሞልቼ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ በበትር እየገፋሁ አስገባላት ነበር። ክዳኑ ላይ የወፍጮ መጅ ጭኜበታለሁ። ከቤት ስወጣ መጁን አያለሁ፤ ከደጅ ተመልሼ ደግሞ አየዋለሁ።

ጎረቤቴ ሳቅ ታበዛለች። «እታለም፣ ዘንዶ የሚቀልብ ሰው ሀብታም ይሆናል ይላሉ። አንቺ መቼ ነው የሚጀምርሽ?» ትለኛለች።

«ለእሷ ዶሮ ገዝቼ ስጨርስ» እላታለሁ።

አንድ ጊዜ በዐቢይ ጾም ልጄን ያዘቻት። «በሁዳዴ ሥጋ ትበላለች አይደል?»

«አንድ ጊዜ በልታ ሦስት ሳምንት ትከርማለች። ጾም ላይስ ከአንቺ ትሻላለች» አለቻት ልጄ።

እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንዲት ሴት ስትናገር ሰማሁ፤ አማኑኤል ከተማ አንድ ባለ ሱቅ ደጁ ላይ ጦጣ አስሮ ይኖር ነበር፤ የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ይዘሃል ተብሎ ተጠየቀ፤ ጦጣዋም ተወሰደች፤ እሱም ሁለት ቀን ታስሮ ወጣ። ጦጣ ሁለት ቀን ካሳሰረ ዘንዶ ስንት ቀን ታሳስራለች ብዬ ለቀናት አሰብሁ። ያለችኝ ልጅ አንድ ናት። ለሷ ስነግራት፣

«እማዬ፣ ማን ይነግራል ብለሽ ነው?» አለችኝ።

«ፈቃድ ብታወጪስ?»

«ፈቃድ የሚሰጠው ለጥናት ወይም ለማሳያ፣ ግቢና አጥር ላለው ነው። ለእኛ ጓዳ ማን ይሰጣል?»

ለንስሐ አባቴ ነገርኋቸው። መጥተው ቤቱን ጠበል ረጩ፤ ሣጥኑንም ጎንበስ ብለው አዩት። «ይህች እንስሳ ናት፤ ጣዖት አይደለችም፤ አትፍሪ» አሉኝ። «የመንግሥትን ነገር ግን እኔ አላውቅም። የሚያውቅ ጠይቂ።»

እኔ የማውቀው የሚያውቅ ቀበሌ ነው። በዚያ ሰሞን ስብሰባ ተጠርተን፣ በቤቱ ሰው የሚያሳድር ሁሉ በእንግዳ መዝገብ ያስመዝግብ፤ ሳያስመዘግብ የተገኘ ይጠየቃል ተብለናል። የእህቴ ልጅ ከዲማ መጥቶ እኛ ዘንድ በከረመ ጊዜ አስመዝግቤው ነበር፤ ፍተሻ ሲመጣ መዝገቡን አይተው ምንም ሳይሉን አለፉ። ስለዚህ ያስመዘገበ ሰው አይጠየቅም የሚል እምነት ነበረኝ። የተባለው ስለ ሰው እንደሆነ አላጣሁትም። ሰው የሚመዘገብ ከሆነ ዘንዶ እንዴት ትቀራለች አልሁ። ለልጄ ሳልነግራት ሄድሁ።

መዝጋቢው ወጣት ነው። ስነግረው መጀመሪያ አላመነኝም፤ ቀጥሎ እስክሪብቶውን ይዞ ሳቀ።

«ተከራይ ናት ወይስ ዘመድ?»

«ታካሚ ናት።»

«የመጣችበት?»

«ዓባይ በረሃ።»

«መቼ ትሄዳለች?»

«መንገድ ሲከፈት።»

«እናቴ፣ መንገዱ ክፍት ነው እኮ» አለና ጻፈው። አጠገቡ የነበረችው ሴት ሠራተኛ ግን አልሳቀችም። «የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ቤት ማኖር ክልክል እንደሆነ አያውቁም?» አለችኝ።

«ይኸው ላስመዘግብ መጣሁ አይደል?»

«መዝገብ ፈቃድ አይደለም፣ እናቴ» አለችና ስልክ ልትደውል ወጣች።

በሦስተኛው ቀን በልጄ ስም ደብዳቤ መጣ። በአምስት ቀን ውስጥ እንስሳዋን እንድታስረክብ፣ ካላስረከበች በሕግ እንደምትጠየቅ ይላል። ልጄ ሁለት ጊዜ አነበበችው። የነገረችው ጎረቤታችን ናት ብላ ደመደመች። ጎረቤቴ በአጥር በኩል ስትጣራ መልስ ነሣቻት፤ እንጀራ ይዛ ብትመጣም በሩ አልተከፈተላትም። አምስቱንም ቀን እውነቱ አፌ ላይ ደርሶ ይመለሳል። ዛሬ ልንገራት እላለሁ፤ ስትበላ አያታለሁ፤ ትብላ ብዬ እተወዋለሁ።

በቀኑ ሰዎቹ ከመዝጋቢው ጋር መጡ፤ የንስሐ አባቴንም እኔ ጠርቻቸው ነበር። ባለሙያው ትሁት ሰው ነው፤ ጫማውን ደጅ አውልቆ ገባ። ዘንዶዋን አገላብጦ አየና፣ «ማን ነው የሰፋት?» አለ። «እኔ ነኝ» አለች ልጄ። «ጥሩ ስፌት ነው» አለ። ከዚያ ዳግመኛ ያለ ፈቃድ እንዳትይዝ የሚል ወረቀት አስፈረማት። ክስ የለም፤ እስር የለም። መደብ ላይ ተቀመጥሁ።

ጎረቤቴ በር ላይ ቆማ ነበር። ልጄ ዞር ብላ፣ «አሁን ደስ አለሽ?» አለቻት።

«እኔ ምን አደረግሁ?»

መዝጋቢው ነገሩ ገብቶት ሳይሆን አይቀርም፤ ግን ሳቅ ይወዳል። «ኧረ እሷ አይደለችም። እናትሽ ናቸው በእንግዳ መዝገብ ያስገቧት። መዝገቡ መኪናው ውስጥ ነው፤ ላሳይሽ?» አለ።

ማንም አልሳቀም። የንስሐ አባቴ፣ «ፈርታ ነው፣ ልጄ» አሏት።

«አምስት ቀን ሙሉ እሷን ስወቅስ እየሰማሽኝ?» አለችኝ ልጄ።

«እንዳትታሰሪ ብዬ ነው።»

«እሱንስ ተዪው። ለምን ዝም አልሽ?»

 ልጄ ጎረቤቴን አቅፋ ይቅርታ ጠየቀቻት። ለእኔ ያለችኝ ነገር የለም። ካፖርቷን ለበሰች፣ ትንሽ ሻንጣ ያዘች፣ ዘንዶዋን በረሃ ሲለቋት አብሬ ልሁን ብላ ባለሙያውን ጠየቀችው፤ እሺ አላት። መኪናው ሲነሣ ዘንዶዋ ያለችበት ከረጢት ጭኗ ላይ ነበር።

በማግስቱ ደወለች፤ የደወለችው ለጎረቤቴ ነው። «ዘንዶዋ ድንጋይ ሥር ገብታ ሄዳለች፤ እኔም እዚህ ቆላ ከብት የሚያክም ሰው አጥተዋልና ጥቂት እቆያለሁ» ብላታለች። «እናቴ ደህና ናት?» ብላ እንደሆነ ጠየቅኋት። ጎረቤቴ ውሸት አታውቅም፤ «መስመሩ ተቋረጠ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኳ አይሠራም። ክሊኒኩ ሌላ ሐኪም ቀጥሯል። ሦስተኛ ወሩ ነው።

ከደጀን ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ የምትወርዱ፣ ከብት የምትነግዱም ሆናችሁ ሾፌሮች፤ ቀጠን ያለች፣ ስትናገር የምትፈጥን፣ ከብት የምታክም ሴት አይታችሁ እንደሆነ ደህና መሆኗን ብቻ ንገሩኝ።