ምሕረትና የዓሣዎቹ ውሃ

ሐዋሳ በተከራየሁበት ግቢ የውሃ ማጠራቀሚያው ሮቶ በሚታጠብበት ቀን፣ ከሥሩ የተጠራቀመው ዝቃጭ ተገልብጦ ሲፈስ፣ የእርጥብ አፈርና የበሰበሰ ቅጠል ሽታ አፍንጫዬን ይመታኛል። ወዲያው ዲላ፣ እናቴ ቤት መስኮት ሥር፣ የጎማ ጫፍ ይዤ እንሰት የማጠጣ ልጅ እሆናለሁ።

አባቴ የአይሱዙ ሹፌር ነበር፤ ቡና በሚደርስበት ወቅት ከወርቃ ጭኖ አዲስ አበባ ያራግፍ ነበር። አንድ ክረምት መግቢያ ላይ ሲመለስ ጋቢናው ውስጥ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ የመስታወት የዓሣ ገንዳ ይዞልን መጣ። ያመጣው ለታናሽ እህቴ ለምሕረት ነበር። ምሕረት አምስት ዓመት ሞልቷት አንድም ቃል ተናግራ አታውቅም። ጆሮዋ ይሰማል፤ በር ሲንኳኳ ትዞራለች፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ጆሮዋን ይዛ ትወዛወዛለች፣ ሲብስባት ግንባሯን ከግድግዳ ጋር ታጋጫለች። የአባቴ ዘመዶች ጠበል ወስደዋታል፣ በእናቴ ቤተ ክርስቲያን ተጸልዮላታል፣ ሐኪምም አይቷታል። እናቴ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ስለነበረች፣ ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ልጆች ፊደል ስታስቆጥር ውላ፣ ማታ ምሕረትን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በአማርኛም በጌዴኦኛም የዕቃ ስም ትጠራላት ነበር። ዓሣ የሚያይ ልጅ ይረጋጋል ብሎ ለአባቴ የነገረው አብሮት የሚጭን ሹፌር ነው።

በዚያ ክረምት ቅዳሜ ጠዋት የቤታችን ሥራ ውሃ መቀየር ሆነ። ገንዳው ውስጥ ጠጠሩ ላይ ሪባን የመሰለ የውሃ ሣር ተተክሎ ነበር፣ ዓሣዎቹም በሣሩ መሀል ይሽሎኮሎኩ ነበር። አባቴ ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ ጎማ ነክሮ በአፉ ይስበዋል፤ ናፍጣም እንደዚሁ ሲስብ የኖረ ሰው ነውና አንድ ጠብታ ምላሱን አይነካውም ነበር። ከዚያ ጫፉን በአውራ ጣቱ ደፍኖ በመስኮት ለእኔ ያቀብለኛል፣ እኔም ዝቅ አድርጌ ለእንሰቱ እለቀዋለሁ። «ሢሶውን ብቻ ነው የምንቀዳው» ይል ነበር፣ «የሣሩንም ሥር አትነካኩት። አዲሱ ውሃ ደግሞ በባልዲ ይደር፣ የቧንቧው መድኃኒት አለው።» ምሕረት በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ቆሻሻው በጎማው ውስጥ ሽቅብ ሲሄድ በጣቷ ትከተለው ነበር። በሳምንት ውስጥ ሳትወዛወዝ የምትቀመጠው በዚያች ሰዓት ብቻ ነበር።

መስቀል ባለፈ በአንዱ ቅዳሜ፣ እኔ ውጪ እንደ ልማዴ ጎማውን ይዤ ሳለሁ፣ አባቴ «የሕይወት እናት፣ ነይ፣ ቶሎ ነይ» ብሎ እናቴን በእኔ ስም ሲጣራ ሰማሁ። ጎማውን ጥዬ ስገባ እናቴ እጇ አረፋ እንደሆነ ከጓሮ ደርሳለች።

«‹ውሃ› አለች» አላት አባቴ። «በጆሮዬ ሰማሁ።»

እናቴ ተንበረከከችና የምሕረትን ጉንጭ ይዛ «በይ እስቲ ለእኔም ድገሚልኝ» አለቻት። ምሕረት በእናቴ ትከሻ አሻግራ ጎማውን ታይ ነበር። እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺስ ሰምተሻል?»

«ውጪ ነበርኩ እኮ፣ እማዬ።»

በዚያ ሳምንት እናቴ ሌላ ሰው ሆነች። በሚቀጥለው ዓመት እኔ የማስተምርበት ክፍል ትገባለች ብላ ለምሕረት ዩኒፎርም አሰፋችላት፣ ለብሳው ቤት ውስጥ ስትዞር እያየችም ትስቅ ነበር።

ጥቅምት ሲገባ ቡናው ደረሰና አባቴ ሄደ፤ ውሃ መቀየሩ ለእናቴ ቀረ። መጀመሪያ ቅዳሜን አልጠበቀችም፣ ረቡዕም ቀየረች፣ ኋላም ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች በየቀኑ ሆነ። ምሕረትን በርጩማዋ ላይ አስቀምጣ፣ ጎማውን እያሳየች «ውሃ በይ ምሕረትዬ፤ ው-ሃ» ትላት ነበር። የሚታይ ቆሻሻ ሲያልቅባት ጎማውን ጠጠሩ ውስጥ ትሰደው ጀመር፣ ሣሩም ከነሥሩ እየተነቀለ ላይ ይንሳፈፍ ነበር። ያደረ ውሃ ሲጎድላት ከቧንቧው ቀጥታ ሞላችው። አባዬ ያለውን ባስታውሳት «እያወራችኝ እኮ ነው፣ ከንፈሯን አላየሽም?» አለችኝ። እኔ ያየሁት የተዘጋ አፍ ነበር።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ዓሣዎቹ በሙሉ በጎናቸው ተንሳፍፈው አገኘናቸው። እናቴ በወንፊት ለቅማ አወጣቻቸው። ምሕረት አላለቀሰችም፤ በርጩማዋን ስባ ተቀመጠችና ጎማው እስኪመጣ ጠበቀች።

አባቴ የገና በዓል ሲቃረብ መጣ፣ ገንዳውንም አየ። እራት ከቀረበ በኋላ እናቴ ጠየቀችው።

«እውነቱን ንገረኝ። ሰምተሃል ወይስ እኔን ለማጽናናት ነው?»

አባቴ የያዘውን ቆጮ መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠ። «መሰለኝ» አለ። «የሰማሁ መሰለኝ።»

እናቴ ምግቡን አነሳችና ወጣች። ስለዚያ ቃል ከዚያ ወዲያ በቤታችን የተነገረ ነገር አላስታውስም።

የበልግ ዝናብ ሲጀምር አባቴ ዓሣም ሣርም የሌለበት ገንዳ ውስጥ ውሃ ሞላ፣ ጥቂት አፈር በተነበት፣ ቅዳሜ ጠዋት ጎማውን ሳበ። ምሕረትም በጣቷ ተከተለችው። መንገድ ላይ ካልሆነ በቀር እስኪሞት ድረስ ይህን አንድም ቅዳሜ አላስታጎለም።

አሁን ምሕረት ትልቅ ሴት ናት፣ ፀጉሯን የምታበጥርላት እናታችን ናት። በወር አንዴ ቅዳሜ ከሐዋሳ ዲላ እሄድና አፈር በትኜ ጎማውን እስባለሁ። እኔ ሁልጊዜ ውሃው አፌ ውስጥ ይገባብኛል። ያኔ፣ አባቴ ሰማሁ ባለ ሰሞን፣ ጎማው መፍሰስ ሲጀምር እናቴ የያዘችውን ሥራ ትታ፣ ጆሮዋን አቁማ በሩ ላይ ትቆም ነበር። አሁን ውሃው መፍሰስ ሲጀምር ከወዲያኛው ክፍል የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ ታደርገዋለች።