ዳጣው ነው

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ማርታ ጥብሱን ዳጣ እያስነካች ስትጎርስ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ አለ። «እማማ፣ ሳልሮጥ ለምንድነው የሚያልበኝ?» አለችኝ። ነርስ የሆነችው እናቷ ቀደመችኝ። ምላስ ሲቃጠል ሰውነት በእውነት የጋለ ይመስለዋል፤ ራሱን ሊያቀዘቅዝም ላብ ያፈሳል አለቻት። የእኔ ልብ ግን ያደግኩበት ኮልፌ ገብቶ ነበር።

አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ጊዜው ቀይ ሽብር፣ ወሩ ነሐሴ፣ የሰፈራችን መንገድ ጭቃ በጭቃ። ታላቅ ወንድሜን ግርማን ከቤት ወሰዱት፤ በሦስተኛው ቀን መገደሉን ሰማን። ድንኳን መጣል፣ ነጠላ ማዘቅዘቅ፣ ማልቀስም ክልክል ነበር። አንዲት ጎረቤታችን ለልጇ አልቅሳ ታስራለች።

እናቴ ቃሪያውን ከነፍሬው ከነጭ ሽንኩርትና ከሚጥሚጣ ጋር ወቀጠችው። ምሳ ሰዓት ላይ ያን ዳጣ ከእንጀራ ጋር ብቻ አቀረበችልን።

«ብሉ» አለች። «ሰው ከመጣ ዳጣው ነው በሉ።»

በላን። አባቴ ልቅሶ ቤት እንኳ እንባ የማይወጣው ሰው ነበር። ያን ቀን ከግንባሩ እስከ አገጩ ራሰ፤ የቱ ላብ የቱ እንባ እንደሆነ አይለይም። እኔም አፌ እየነደደ፣ ወንድሜን እያሰብኩ እጎርሳለሁ።

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። ታደሰ ነው፤ ከግርማ ጋር ኳስ ሲራገጥ ያደገ የሰፈራችን ልጅ፣ አሁን ጠመንጃ ያነገተ የቀበሌ አብዮት ጥበቃ።

«ምንድነው የምታለቅሱት?»

«ዳጣው ነው፣ ልጄ» አለች እናቴ። «ካላመንከኝ ቅመስ።»

አንድ ቃል ቢናገር እናቴን ይወስዷታል። እሱ ግን ጠመንጃውን ከግድግዳው አስደግፎ ተቀመጠና ትልቅ ጉርሻ ጎረሰ። ወዲያው ላብ አጠመቀው። ደገመ፣ ሠለሰ፤ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እኛ ትሪው ላይ አቀርቅረን መጉረሳችንን ቀጠልን። በመጨረሻ ፊቱን በእጅጌው ጠራርጎ ተነሣ።

«እውነትም ያቃጥላል፣ እትዬ» ብሎ ወጣ።

ታደሰን ይቅር ልበለው አልበለው እስከ ዛሬ አልቆረጥኩም። የወንድሜ ልቅሶ ግን ያ ትሪ ነበር፤ ለቀስተኛ ሆኖ የመጣልንም እሱ ብቻ ነው።

ማርታ ፊቴን ትኩር ብላ አየችኝ።

«አንቺንም አቃጠለሽ እንዴ፣ እማማ?»

«አዎ፣ የኔ ልጅ። ዳጣው ነው።»

«መቼ ቀመስሽና?» አለችኝ።