የኩበት ጭስ

በንጋውንዴሬ ከተማ ቄራ በር ላይ አጥሚት የምትሸጠው አስታ የሽማግሌውን ስም አታውቅም። ጠዋት ጠዋት ግን ከሽቦ አጥሩ ጥግ ኩበት አያይዞ፣ ያንን የነተበ ሰማያዊ ቀሚሱን ጭስ ሲያጠግበው ታየዋለች። ልብሱ ደም ደም ከሸተተ ከብቶቹ ይደነብራሉ፤ የበረት ጭስ ከሸተተ ግን እረኛቸው ይመስላቸዋል።

ዱላውን ትከሻው ላይ ያጋድመዋል እንጂ አያነሳባቸውም። እንደ ፉላኒ እረኛ ከፊት ከፊት እየሄደ፣ በጉሮሮው እያንጎራጎረ ይጠራቸዋል። ሌሊቱን በመኪና ሲንገላቱ ያደሩ፣ ዓይናቸው የፈጠጠ ሰንጋዎች ረጋ ብለው ይከተሉታል። ወደ ማረጃው በሚያስገባው ጠባብ መተላለፊያ ጫፍ ላይ ሰው ብቻ የሚያሾልክ ክፍተት አለ። እሱ በዚያ ይወጣል።

ሥጋ አይቀምስም። አጥሚቱንም የሚጠጣው ፊቱን ወደ ግንቡ አዙሮ ነው።

«ኧረ አባባ፣ ይሄን ሥራ ይተዉት! ፊትዎ እኮ አመድ መሰለ» አለችው ዛሬ።

«አንድ ቀን አሞኝ ቀርቼ ነበር» አለ ጣሳውን እየመለሰላት። «ጅራታቸውን እየጠመዘዙ፣ በዱላ እየወጉ አስገቧቸው። ጩኸታቸው እስከ ተኛሁበት ድረስ ተሰማኝ።»

«እርስዎ ሲያስገቧቸውስ ያው ሞት አይደል?»

«ሞቱማ ያው ነው፣ ልጄ። ፍርሃቱ ግን ይቀርላቸዋል።»

ከውስጥ አራጁ ቦቦ ተጣራ። «አባባ! ሙሽሮችዎ ደርሰዋል፣ ይምጡና ይቀበሏቸው!»

ሽማግሌው ጭሱ ውስጥ ትንሽ ቆሞ ገባ። አስታ በሽቦው አሻግራ ተመለከተች። እንደ ልማዱ በክፍተቱ ሾልኮ ሲወጣ፣ ከኋላው የነበረው ቀይ በሬ አፍንጫውን በክፍተቱ አሾልኮ እጅጌውን ይልሰው ጀመር። በሬውን ጎትተው እስኪወስዱት ድረስ ሽማግሌው እጁን አልነጠቀውም።