እመቤት ከሊጥ

«ደጃፌ ላይ ዛፍ አለ፣ ጥላው ለመንገደኛ…» ከዚያ ወዲያ ያለው ጠፍቷታል። የቀረውን በ«እምም» እየሞላች ታንጎራጉረዋለች።

ዳቦ ቤት ውስጥ ሊጥ አቡኪ ናት። ሊጥ ደግሞ ቆይ ቢሉት አይሰማም፤ ኩፍ ብሎ ይገነፍላል። ስለዚህ ዕድሜዋን ሙሉ የበላችው ቆማ ነው፤ ቁራሹ በእጇ፣ ዓይኗ ቡሃቃው ላይ።

ዛሬ ግን እሑድ ነው፤ የምታንጎራጉረውም በገዛ ማድ ቤቷ፣ ከፍርሃት የተነሣ ነው። የልጇ እጮኛ እናት ለመጀመሪያ ጊዜ ለምሳ መጥተዋል። ባለ ትልቅ ሱቅ ናቸው። እጃቸውን ሲዘረጉላት ጣቶቻቸው እንደ ሻማ ቀጥ ብለው አየች፤ የራሷ አንጓው ያበጠ፣ ከጥፍሩ ሥር ዱቄት የማይለቀው። ድስት አረረብኝ ብላ ወደ ማድ ቤት ሸሸች። እሳት ላይ የተጣደ ድስት አልነበረም።

ምሳው ቀረበ፤ እሷ አልቀረበችም። ልጇ ተከትላት ገባች። የእንግሊዝኛ መምህርት ናት፤ ሰው የዘር ሐረጉን እንደሚቆጥር እሷ የቃላትን ትቆጥራለች።

«እናንተ ብሉ፣ እኔ ቆሜ አስተናግዳለሁ» አለች እናት። «እሳቸው ሌዲ ናቸው። እኔ ከሌዲ ጋር ምን አወራለሁ፣ ስለ እርሾ?»

ልጅቱ ሳቀችና ቃሉን እጁን ይዛ ወደ አያቶቹ ቤት ወሰደችው። ሌዲ ዛሬ እመቤት ተብላ፣ ሽቶ ተቀብታ ብትታይም፣ ከሺህ ዓመት በፊት በጥንቱ እንግሊዝኛ «ህላፍዲየ» ነበረች። «ህላፍ» ዳቦ ነው፤ የቀረው አቡኪ። ከዚያም አልፎ፣ እንግሊዝኛ ሳይወለድ በነበረው የሩቅ ቅድመ አያት ቋንቋ፣ የማቡካቱ ሥር ጭቃ አሽቶ ቅርጽ ማስያዝ ነው ይላሉ ሊቃውንቱ።

«እና ሌዲ ማለት…»

«ዳቦ የምታቦካ። አንቺ ማለት ነው፣ እማ።»

እናት ያበጡ ጣቶቿን አየች። «ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ከነማዕረጌ ነዋ ቆሜ የበላሁት።»

ሳቃቸው ሳሎን ደረሰ። እንግዳዋ በበሩ ብቅ ብለው ምን ተገኘ ብለው ጠየቁ፤ ልጅቱም ነገሩን ሁሉ ዘረዘረችላቸው። ሴትዮዋ ሻማ ጣቶቻቸውን ገልብጠው አዩ። እሳቸው ሊጥ ሲነኩ ሊጡ ያለቅሳል ብሎ ልጃቸው እንደሚቀልድባቸው ተናገሩ።

«እኔስ በስህተት ነው የተሾምኩት» አሉ፤ «ሹመቱን ለባለቤቱ አስረክባለሁ። ግን ርቦኛል፣ እርስዎ ሳይቀመጡ አልቀምስም።»

ክንዷን ይዘው ወሰዷት። አቡኪዋ እጇን ገበታው ላይ ዘረጋችው፤ አልደበቀችውም። ወንበሩን ሳበች፣ ተደላድላ ተቀመጠች፣ ጎረሰች።