የደፈንኳት ቀዳዳ

የሞተር ሳይክል ድምፅ ድንገት ቀጥ ሲል፣ የትም ልሁን፣ እጄን አሸታለሁ። የልብስ ሳሙና ይሸተኛል።

ያን ጊዜ እኔና ታናሽ ወንድሜ ገርጂ፣ ከከተማው ዳር፣ በአንዲት ክፍል ቤት እንኖር ነበር። እናታችን ስትሞት አዝዬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ ፊደል የቆጠርኩትም እሱ ሥራ ከያዘ በኋላ፣ ሠላሳ ሊሞላኝ ሲል ነው። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አመላላሽ ሲሆን አንዲት አሮጌ ዶቅዶቄ ሰጡት። እንዳትሰረቅ የምናሳድራት ከአልጋዬ ግርጌ ነበር።

ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት ዘመን የእሷ ቤንዚን በቤታችን አየር ላይ ያልቅ ነበር። ነጠላዬም ደብተሬም ቤንዚን ይሸታል። አንድ እሁድ ወንድሜ በሌለበት አጎንብሼ መረመርኳት። በቤንዚን መያዣው፣ በሰልባትዮው ክዳን ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አገኘሁ። የጭነት መኪና ሾፌሮች የሚያንጠባጥብ ሰልባትዮ በሳሙና ሲደፍኑ አይቻለሁ። እኔም ሳሙና በውሃ አላቁጬ ደፈንኳት፤ በጥፍሬ ደልድዬ፣ በጨርቅ ወለወልኳት። የጀመርኩትን ሳላሳምር መተው አልችልም። ለእሱ መንገር አስፈላጊ አልመሰለኝም።

ሽታው ጠፋ። በዚያው ሳምንት ሞተሯ መንገድ ላይ መቆም ጀመረች።

«እትዬ፣ ይቺ ሞተር ባልቴት ሆናለች» አለኝ እየሳቀ። «ቤተ ክርስቲያን ያየች ይመስል ቀጥ! ተሳልማ ነው የምትነሳው።»

«መካኒኩ ምን አለ?»

«ካንዴላ ቀየረ፣ ካርቡራቶር አጠበ። እሱ ፊት ደግሞ አትታመምም! ቤንዚን አላት ወይ ብሎ ክዳኗን ከፈት ሲያደርግ ወዲያው ትነሳለች። ‹አንተን ነው የጠላችህ› ይለኛል።»

አንድ ቀን ደጃችን ላይ ቆመችበት። ክዳኑን ሲያዞረው ሰልባትዮው «እስስስ» ብሎ ረጅም ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳበ።

«ሰማሽ? ትተነፍሳለች እኮ!»

ሰምቻለሁ። አጠገቡ ተቀምጬ ምስር እየለቀምኩ ነበር።

የውትድርና አፈሳ በበረታበት ወቅት፣ ከቀትር በኋላ፣ ሾላ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጠው ጎረቤታችን እያለከለከች መጣች። ከኋላዋ ባሏ ሞተሯን ይገፋል። ወንድሜ የለም።

«የአፈሳው መኪና ሲመጣ ወጣቱ ሁሉ ተበተነ» አለች። «ያንቺው በሞተሩ አልፎን ሄዶ ነበር፤ አምልጦ ነበር! መታጠፊያው ጋ ጠፋችበት። ይረግጣታል፣ እምቢ! ‹ጣላትና ሩጥ› ብዬ ጮህኩ። ‹የመንግሥት ንብረት ጥዬ? እትዬ ምን ትለኛለች?› አለኝ። ያዙት።»

ዕቃ ጥሎ መምጣትን አጥብቄ የከለከልኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን ጥፋቴ ይኸው ብቻ መሰለኝ።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ በማታ ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህራችን ውሃ የሞላ የዘይት ቆርቆሮ ይዞ ገባ። በምስማር አንድ ቦታ በስቶ ዘቀዘቀው። ውሃው ጥቂት ፈሶ ቆመ። ሁለተኛ ቀዳዳ ሲበሳ ግን ተንዠቀዠቀ።

«ይሄንንማ ዘይት የከፈተች ሁሉ ታውቀዋለች፣ መምህር!» አለች አንዷ ከኋላ። ክፍሉ ሳቀ።

እኔም ዕድሜዬን ሙሉ የዘይት ቆርቆሮ ሁለት ቦታ ስበሳ የኖርኩ ነኝ። መምህሩ «አየር ካልገባ ፈሳሹ አይወርድም» ሲል ጻፍኩ። «አየር» ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።

ቤት ገብቼ፣ ከአልጋዬ ግርጌ ከቆመችው ሞተር ክዳን ላይ ሳሙናውን በመርፌ ለቅሜ አወጣሁት። በማግስቱ የመሥሪያ ቤቱ ሰው መጥቶ ሞተሯን ወሰዳት። ሁለት ሳምንት ታግሼ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩና ሰውየውን ግቢው ውስጥ አገኘሁት።

«ሞተሯ መንገድ ላይ ትቆምብዎታለች?»

«ኧረ እቴ! አቃቂ ድረስ ወስጃት አንዴም አላስነጠሳት። ምን አድርጋችሁላት ነው?»

ትቆማለች እንዲለኝ ነበር የሄድኩት።

«ምንም» አልኩት።

ከማሠልጠኛው አንድ ደብዳቤ መጣልኝ። ሰላምታው ሲያልቅ ወንድሜ እንዲህ ይላል፦ «ያቺ ባልቴት በሽታዋ ምን ነበር? መካኒኩ ደረሰበት ወይ?» መልሱን የዚያኑ ዕለት ጻፍኩ። አንድ ፊደል ስለተሳሳትኩ ገለበጥኩት፤ ደግሜ ገለበጥኩት፤ እንደገናም። ንጹሕ አድርጌ የጨረስኩት ቅጂ ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ከእሱ ሌላ ደብዳቤ አልመጣም።