ዛጎሉ ተከፈተ ማለት በሰለ ማለት አይደለም

ከአዲስ አበባ፣ ከአብነት ሰፈር የወጣሁት አመሻሽ ላይ ነበር። እማዬ ዱዓ አድርጋልኝ ስታበቃ፣ ወገቧን እያመማት፣ ሻንጣዬን ራሷ እስከ ታክሲው ተሸከመችው።

ኢስታንቡል ሥራ ያገኘሁት አንድ ምድር ቤት ውስጥ ነው። እኛ መንገድ ዳር ሳምቡሳ እንደምንበላው፣ እዚህ ሰው ሚድዬ የሚሉትን ጥቁር የባሕር ዛጎል ገልጦ ውስጡ ያለውን ሥጋ ይበላል። እኔ ዛጎሉን ፍቄ አጥባለሁ፣ በእንፋሎት እቀቅላለሁ። አለቃችን ኡስታ፣ አፉን እንደከፈተ አውጪው ይለኛል፤ ከቆየ ሥጋው ጎማ ይሆናል ባይ ነው። ምሳችንም እሱው ነበር።

አንድ ሰሞን የምግብ ሽታ አስጠላኝ፣ ሽንቴ እንደ ኮካ ጠቆረ። በመስታወት ሳይ ዓይኔ ቢጫ ሆኗል። የወፍ በሽታ እንደሆነ ያኔውኑ ገባኝ። ሐኪም ቤት ሄድኩ፤ ሐኪሟ በስልክ አስተርጓሚ ምን እንደበላሁ ጠየቀችኝ። አብስዬ ነው የበላሁት አልኳት።

«ሞቋል እንጂ አልበሰለም» አለችኝ። «ይሄ የጉበት ቫይረስ ሙቀት ይችላል። ዛጎሉ የሚከፈተው እሱ ሳይሞት ነው። ሥጋው እስከ ውስጡ ዘጠና ዲግሪ ደርሶ አንድ ደቂቃ ተኩል መቆየት አለበት።»

መድኃኒት የለውም፣ እረፊ ብላ ሸኘችኝ። የት ልረፍ? አከራዬ ዓይኔን ስታይ ሳህኔን ለይታ ሻንጣዬ ላይ አስቀመጠችው።

«ስመጣ ጥቁር ነሽ ብለው ኪራይ ጨመሩብኝ፤ አሁን ቢጫ ስሆን ደግሞ ያስወጡኛል?» አልኳት።

«ወደ ጥቁርነትሽ ስትመለሺ ነይ» አለችኝ፣ ከልቧ።

ያስጠጋችኝ እዚሁ ኢስታንቡል ያወቅኋት የተክለ ሃይማኖት ሰፈር ልጅ ሄለን ናት። ለኡስታ ደውዬ ሐኪሟ ያለችውን ነገርኩት፤ ምግብ እንጂ ልብስ አልቀቅልም ብሎ ዘጋው። በሳምንቱ ሥራ ፈላጊዋን ሄለንን በእኔ ቦታ ቀጠራት። እዚያ እንዳትበላ ለመንኳት።

«ምሳ የሚሰጡን እሱን ነው» አለችኝ። «ሌላ ከየት ላምጣ?»

አሁን ከሥራ ስትመለስ፣ ሰላም ከማለቴ በፊት ዓይኗን አያለሁ።

ትናንት እማዬ ደወለች። ድምፄ ደከመባት።

«ካሜራውን ክፈቺውና ፊትሽን ልየው» አለችኝ።

ኔትወርኩ አይችልም አልኳት።

«እንግዲያው እስኪስተካከል እጠብቃለሁ» አለችኝ። ከጀርባዋ የአብነት ታክሲ ረዳት ሲጣራ ይሰማኛል፤ ስልኩን ግን ሁለታችንም አልዘጋነውም።