ሰም የታተመበት ፋኖስ

ከጎንደር ማክሰኝት ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ አላውቅም። በጭነት መኪና፣ የእህል ከረጢት ላይ ተቀምጬ፤ መኪና ሲጠፋ በበቅሎ፣ በቅሎ ሲጠፋ በእግሬ። ጠዳ ስደርስ ሁልጊዜ ወገቤን ያመኝ ነበር። ሥራዬ ፋኖስ መመርመር ነበር። ይህን ለሰው ማስረዳቱ ራሱ ይሰለቸኛል። የሰፈሬ ሰዎች “በጠራራ ፀሐይ ፋኖስ የሚፈልግ” እያሉ ይስቁብኛል።

ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። በዚያ አገር ብዙ ገበሬ ማሽላውን የሚያስቀምጠው በጥልቅ ጉድጓድ ነው። አፉ አንድ ሰው ብቻ ያስገባል፣ ሆዱ ግን ሰፊ ነው። ለወራት ተደፍኖ በቆየ እህል ላይ መጥፎ አየር ይጠራቀማል፤ አይታይም፣ አይሸትም። ሳያጣራ የወረደ ሰው እዚያው ይወድቃል፤ እሱን ላንሳ ብሎ የወረደም እላዩ ላይ ይወድቃል። ገበሬው ይህን ሳይማር ያውቃል። ጉድጓዱን ከፍቶ ያሳድርና በማግስቱ ይወርዳል። አንዳንዴ ማደሩ ይበቃል፣ አንዳንዴ አይበቃም።

ጣልያን ከወጣ ከዓመታት በኋላ መሥሪያ ቤታችን ደንብ አወጣ። የእህል ጉድጓድ ያለው ሁሉ ፋኖስ ይኑረው፤ ከመውረዱ በፊት አብርቶ በገመድ ይስደደው፤ መብራቱ ከጠፋ ማንም አይውረድ። ፋኖሱ ደግሞ በየዓመቱ ይመርመር። መስተዋቱ ካልተሰነጠቀ፣ ክሩ ደህና ከሆነ፣ ገመዱም ወለሉ ድረስ ከደረሰ የምስክር ወረቀት ይሰጠው። ደንቡ ጥሩ ደንብ ነበር፤ ዛሬም እንደዚያ ነው የማምነው።

እኔ የቤተ ክህነት ልጅ ነኝ። ሥራውንም ያገኘሁት በቁም ጽሕፈቴ ነው። ወረቀቷን አሳምሬ እጽፍና በሲባጎ ከፋኖሱ እጀታ ጋር አስራታለሁ፤ ቋጠሮው ላይ ቀይ ሰም አንጠብጥቤ ማህተሙን እጫናለሁ። ከወረቀቷ ግርጌ “ማህተሙን ያጠፋ ይቀጣል” የሚል አለ። እጀታው ላይ ማሰሩን ማንም አላዘዘኝም። ለእጄ ስለሚመቸኝ ብቻ ነው ያደረግሁት። እጀታው ከእሳቱ በላይ መሆኑን፣ ፋኖሱ ሲበራ እንደሚግል፣ ሰምም ሲሞቅ እንደሚቀልጥ ለማወቅ መማር አያስፈልግም ነበር። እኔ ግን አላሰብኩትም።

ከማክሰኝት ወጣ ብሎ ጉድጓድ የነበራቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሁለተኛው ዓመት ላይ ለምርመራ ስሄድ ቤታቸው ገባሁ። ማህተሙን ሲያዩ ከመቀመጫቸው ተነሱ፤ ማህተም ለእሳቸው መንግሥት ራሱ ነው። ፋኖሱን ከግድግዳው አውርደው የተጠቀለለበትን ነጭ ጨርቅ ፈቱት። መስተዋቱ ጥላሸት የሚባል አልነካውም። ክሩ ከሱቅ እንደወጣ ነጭ ነው። አምና ያተምኩት ሰምም ስንጥቅ አልነበረበትም።

“ሸጋ አርጌ አልያዝኩትም?” አሉኝ።

“እጅግ ሸጋ አርገው ይዘውታል፣ አያ” አልኳቸው።

ይህን ያልኩት ከልቤ ነው። የቀን ሙቀት ራሴን አዙሮኛል፤ ከዚያ በፊት ብዙ ቤት ገብቻለሁ፤ ወደ ጎንደር የምትመለሰዋ መኪና ታመልጠኛለች ብዬ ልቤ ተሰቅሏል። የያዝኩት ፎርም ስለ መስተዋት፣ ስለ ክርና ስለ ገመድ ይጠይቃል። ፋኖሱ በርቶ ያውቃል ወይ ብሎ አይጠይቅም። እኔም አልጠየቅሁም። አዲስ ወረቀት ጻፍኩ፣ አዲስ ሰም አንጠበጠብኩ፣ ፈርሜ ወጣሁ። ሽማግሌው እደጁ ድረስ ሸኙኝ፤ ለሌላው ጉድጓድ ባለቤት ሁሉ የእሳቸውን አያያዝ እንድነግር አደራ አሉኝ። እኔም በሦስት ቤት ነገርኩ።

ወሬው የደረሰኝ ወር ሳይሞላ ነው። ሽማግሌው ጉድጓዳቸውን በከፈቱበት ቀን፣ ሳያሳድሩ፣ ወርደው ቀሩ። ወንድማቸው ሊከተላቸው ሲል ጎረቤት በኩታው ጎትቶ አስቀረው፤ ሬሳውን በሜንጦ ሳቡት። አለቃዬ የምስክር ወረቀቱን ቅጂ ከፋይል አወጣና አነበበው። ፋኖሱ ደንቡን ያሟላል፣ ፊርማህም አለ፣ ምን ያስጨንቅሃል አለኝ። ከዚያ ወረቀቱን መልሶ አስቀመጠና ሻይ ጠራ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ራሴን የጠላሁበት ቀን የለም።

ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ፤ ማንም አልላከኝም። የሽማግሌው ሚስት ፀጉራቸውን ተላጭተዋል። ሰው እየመጣ እየሄደ ነው፤ ማሽላው ግን ጉድጓድ ውስጥ ነው፣ ቤት ያለው እህል አልቋል። ጉድጓዱን ያኔውኑ መልሰው ደፍነውት ነበር፤ ያን ጠዋት ገና ከፍተውታል። የሟቹ ወንድም ኩታውን ወገቡ ላይ አሸርጦ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሟል፤ ልጆቹ መብላት አለባቸው ይላል። ስለ ፋኖሱ ጠየቅሁ። ሴትዮዋ ከቤት ይዘውት ወጡ፣ ጨርቁን ፈቱት። ባላቸው ማህተም ያለው ፋኖስ ቤት ከገባ ወዲህ ጉድጓዱን መንግሥት አይቶልኛል ብለው ማሳደሩን እንደተዉ ነገሩኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

“ጌታዬ፣ ብናበራው ሰሙ ይቀልጣል። እንዲያው ለዛሬ ብቻ ብናበራው እንቀጣለን?”

ሰሙን በጥፍሬ ፈልፍዬ ጣልኩት፣ ወረቀቷንም ቀደድኳት። ሴትዮዋ ደንግጠው ወደ ኋላ አሉ። ከጎረቤት ጋዝ አስመጥቼ ሞላሁበት፤ ክሩ ጋዝ ነክቶት ስለማያውቅ ቶሎ አልያዘም፤ ሦስት ክብሪት ፈጀሁ። ሲያያዝ በገመዱ ቀስ አድርጌ ሰደድኩት፣ ሦስታችንም አጎንብሰን አየን። ግማሽ ሳይደርስ ብርሃኑ ጠበበ፣ ከዚያ ጠፋ። ወንድሙ ያሸረጠውን ኩታ ፈትቶ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ሴትዮዋ ከጉድጓዱ አፍ ቀና አሉ።

“እሱስ አብርቶት ቢሆን እንዲሁ ይጠፋበት ነበር?” አሉኝ።

ይጠፋ ነበር አልኳቸው።